የሳሎናችን ሐረግ፦ በመሮ ተቀርጾ በጂብሰም የወጣው

ለሳሎናችን ጣሪያ ጠርዝ ስላሠራሁት የጂብሰም ጌጥ ፍርዴን ከፊት ልናገር፣ ረጅም ጽሑፍ የማትወዱ እዚሁ ትገላገላላችሁ። ቀረጻው ከአሥር አሥር። ጂብሰሙ ስምንት። ገጠማው አራት፣ እሱም ስለ እማዬ ሲባል ነው። ቀጠሮ ማክበር ላይ ቁጥር አልሰጥም፣ ዜሮ መጻፍ ያስተዛዝባል።

አሁን ከመጀመሪያው።

ቤታችን ጎንደር ቀሃ አካባቢ ነው። አባዬ ነፍሱን ይማረውና በጭቃ ያሠራው፣ በኋላ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት። ልጆች ሆነን የሳሎኑ ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲያፈስ ጨርቁ ላይ ቡናማ ካርታ ይወጣል፣ እኔና ወንድሜ ምንጣፍ ላይ ተንጋለን ያቺ ሱዳን ናት፣ ያቺ ግብፅ ናት እያልን እንከፋፈለው ነበር። ከዚያ ችፑድ መጣ። ችፑዱም ውሃ እየጠጣ ሆዱ ተነፋ። አምና ወንድሜ ከውጭ ብር ላከና ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ኮርኒሱም ጂብሰም ቦርድ ሆነ፣ እልል አልን። የቀረው ጠርዙ ነው፣ ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ዙሪያው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እኛ ኮርኒስ የምንለው ጣሪያውን በሙሉ ነው። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፣ እነሱ ግን ኮርኒቼ የሚሉት ይሄንኑ ዙሪያውን የሚሄደውን ጠርዝ ነው። ጀሶም የእነሱ ቃል ነው፣ እንጨት የሚቀባው ጎማላካም እንደዚሁ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይተው ሲሄዱ ፒያሳን ከነሕንፃዎቹ፣ ለአናጺና ለግንበኛ ደግሞ ግማሽ መዝገበ ቃላት ትተው ሄዱ።

ለጠርዙ መጀመሪያ ያየሁት እንደ ሁሉም ሰው ካታሎግ ነው። ካታሎጉን ታውቁታላችሁ። ያቺ አምስት ቅጠል ያላት አበባ፣ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ቅጠል፣ መሀል ላይ መብራት የሚንጠለጠልበት ክብ። ማራኪ በኩል አዲስ ከተሠሩት ቤቶች የገባሁባቸው ሁሉ አላቸው። አንድ ቀን ለለቅሶ የሄድኩበት ቤት ቀና ብዬ ሳይ የአክስቴ ሳሎን ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ፎም የሚባለውም አለ፣ ቀላል ነው፣ በኮላ ይለጠፋል፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ግን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ እሳት ሲነካው ደግሞ ይቀልጣል፤ እማዬ በቀን ሦስቴ ቡና የምታፈላበትና ከሰል የማይጠፋበት ቤት ውስጥ አልወደድኩትም።

የአክስቴ ልጅ ነው ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ወርክሾፕ የነገረኝ። ስሙን አልጽፍም፣ እያማረርኩ ስም ማንሳት ደስ አይለኝም። ሁለት ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ ወጣት ነው፣ ጂብሰሙን አዲስ አበባ ሠርቶ የተማረ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ። ሌላው ሽማግሌ ቀራጭ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቤተ ክርስቲያን መንበርና የእጅ መስቀል ሲቀርጹ የኖሩ። ወጣቱ ጋ ብቻ ብሄድ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። አበባዋን ገዝቼ እገባ ነበር።

ስልኬ ላይ ፎቶ ይዤ ነው የሄድኩት። ቁስቋም ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት ባለክንፍ ፊቶች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩና ሳቁ።

«መላእክቱን እዚያው ተያቸው ልጄ፣ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።»

«መስቀሉስ ጋሼ?»

«እሱ ሥር ተቀምጣችሁ ቲቪ ልታዩ?»

እማዬም ስነግራት ያለችው ይሄንኑ ነው፣ የተማከሩ ይመስላሉ። ከዚያ ሽማግሌው እርሳስ አወጡና ካርቶን ላይ ሐረግ ሣሉልኝ። ብራና ላይ ከጽሑፉ በላይ የሚሣለውን፣ እየተጠላለፈ የሚሄደውን ማለቴ ነው። ሐረግ ለጠርዝ የተፈጠረ ነገር ነው፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ ዙሪያውን ቢሄድ አይደክመውም። ካታሎግ ውስጥ ለምን እንደሌለ እስካሁን አይገባኝም።

ያልጠበቅኩት ነገር ቤት ድረስ መጥተው ማየት አለብኝ ማለታቸው ነው። መጡ። ሜትር እንኳ አላወጡም መጀመሪያ። ሳሎኑ መሀል ቆመው መስኮቱን አዩ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትገባ ጠየቁ፣ እማዬ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀና አሉ። «ከታች ሆነሽ ነው የምታዪው» አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት የሚያምር ቅርጽ ከሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል ጠፍጣፋ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጠለቅ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ፊቱም ወደ ታች ዘንበል ይላል። የሚታየው ቅርጹ ሳይሆን ጥላው ነው አሉ። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ቀረጻውን ሦስት ቀን ሄጄ አይቻለሁ፣ ሥራዬን ጥዬ። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ወይራ ይጠነክራል፣ ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ዋንዛ ግን ለመሮ ገር ነው። አንድ ሜትር ጣውላ ላይ ሐረጉ አራት ጊዜ ይደጋገማል፣ የአራተኛው ጫፍ ከአንደኛው መጀመሪያ ጋር መግጠም አለበት፣ አለበለዚያ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲሰቀል ሐረጉ ይበጠሳል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ አንዱን ብቻ ቀርጸው ለምን አይባዛም አልኩ፣ ጊዜም ብርም ይቆጥባል። ሽማግሌው መልስ አልሰጡኝም። አራቱንም ቀረጹ። አሁን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሳይ ይገባኛል፣ አራቱ መንትያ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። አንዷ ቅጠል ትንሽ ወፈር ትላለች፣ አንዷ ዞሮ መግቢያዋ ላይ ጠበብ ትላለች። ዓይን ይሄን ቆጥሮ አያውቀውም፣ ግን ይሰማዋል። በየመሀሉ መብራቱን ያጠፉና የእጅ ባትሪ ከጎን ያበራሉ፣ ጥላው የሰነፈበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው እንደገና መሮ ያነሳሉ። ብርጭቆ ወረቀት በጣም በጥቂቱ ነው የነኩት። ብዙ ካሹት የመሮው አፍ የተወው ስለት ይሞታል ይላሉ። መጨረሻ ላይ ጎማላካ ቀቡት፣ እንጨቱ እንዳይጠጣና ሞልዱ፣ ማለትም ከእንጨቱ ላይ ተወስዶ ጂብሰሙ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ እንዳይጣበቅበት።

እዚህ ድረስ አንድ ቅሬታ የለኝም። አምስት ቀን ነው የፈጀው፣ ጋሼ ባሉበት ዕድሜ ይስጥዎት።

ሞልዱ ላይ ስንደርስ ከባለቤቱ ጋር ተጣላን። ዋጋ ስንነጋገር በሜትር ነው የተነጋገርነው፣ እኔም ሁሉን ያጠቃለለ መስሎኝ ነበር። በኋላ «የሞልዱ ለብቻው ነው» አለኝ። ነገሩን ሲያስረዳኝ እውነት አለው። ቅርጹ ጥልቅ ስለሆነና አንዳንድ ቅጠል ከሥሩ ስለተቦረቦረ በደረቅ ሞልድ ቢወጣ ጂብሰሙ ተቆልፎ ይቀራል ወይ ይሰበራል። እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሲሊኮን ያስፈልጋል፣ ሲሊኮን ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው፣ ውድ ነው። እሺ። ግን ይሄ መጀመሪያ ነው የሚነገረው! ሁሉም ሲደመር በሜትር ከካታሎጉ አበባ ሁለት እጥፍ ተኩል ግድም ወጣብኝ። ብሩን አልጽፍም፣ ዋጋው እናንተ እስክታነቡት ይቀየራልና። ስታሠሩ ግን «ሞልድ፣ ማጓጓዣና ገጠማ ውስጡ አለ ወይ» ብላችሁ በጽሑፍ ያዙ። ሌላም ጠይቁ፣ ሞልዱ የማን ነው? እኔ ከፍዬበታለሁ፣ ስለዚህ የእኔ ነው መስሎኝ ነበር። ወጣቱ ፈገግ ብሎ «እኛ ጋ በክብር ይቀመጣል» አለኝ። ወደዚህች ክብር እመለሳለሁ።

ጂብሰም ሲፈስ ማየት በጣም ደስ ይላል፣ ዕድሉን ካገኛችሁ አትለፉት። ጂብሰም ማለት ድንጋይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጎሃ ጽዮንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ በዚያ ገደል ውስጥ አለ። ድንጋዩ በውስጡ ውሃ አስሯል፣ ከክብደቱ ከመቶ 21 እጁ ውሃ ነው። 150 ዲግሪ ግድም ሲጋገር ከውሃው ሦስት አራተኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል። ውሃውን ስትመልሱለት እንደገና ድንጋይ ልሁን ይላል፣ ወርክሾፑ የሚሠራው ይሄው ነው። ኖራ ሌላ ነው። ግንቦቹ የተሠሩበት ኖራ አየር እየሳበ በዝግታ ነው የሚጠነክረው፣ ጂብሰም ግን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አይሰጥም። ሲይዝ ይሞቃል፣ መዳፍህን ብታስቀምጥበት እንደ ትኩስ ዳቦ ነው። ትንሽም ያብጣል፣ የሚያምረውም በዚህ ነው፣ አብጦ የሞልዱን ጥቃቅን ስንጥቅ ሁሉ ይሞላል። ሲሚንቶ ግን ሲደርቅ ይሸሻል።

አበጠባበጡ እንደ ገንፎ ነው፣ ዱቄቱ ነው ወደ ውሃው የሚሄደው። ለ10 ኪሎ ዱቄት 6 ሊትር ተኩል ያህል ውሃ። በተን በተን ይደረግና እስኪሰምጥ ይጠበቃል። ከገንፎ የሚለየው መማሰል ክልክል መሆኑ ነው፣ ቀስ ተብሎ ይነካካል እንጂ ከተማሰለ አየር ይገባና ፊቱ ላይ ቀዳዳ ያወጣል፣ ቶሎም ይይዛል። መጀመሪያ ቀጠን ያለው በብሩሽ ሞልዱ ውስጥ ይቀባል፣ ሳይደርቅ ቃጫ ይነጠፍበታል፣ ሁለተኛው በላዩ ይፈሳል። ቃጫው ነው እንዳይሰበር የሚይዘው፣ ጭቃ ቤት ላይ ጭድ እንደምንለው በሉት። በዚያ ቀን አንዱ ረዳት ልጅ ባልዲ ሳያጥብ አዲስ በጠበጠ። የደረቀ ጂብሰም ፍርፋሪ አዲሱን ያስቸኩለዋል፣ ብሩሹን ሳያወጣ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ልጁ ብሩሹን ይዞ ባልዲውን ያነሳው ነበር፣ እንደ ትልቅ ከረሜላ። ባለቤቱ ተቆጣ፣ ሽማግሌው እስኪያነባቸው ሳቁ።

የሳሎናችን ዙሪያ 18 ሜትር ነው፣ አራት በአምስት። 20 ቁራጭ አዘዝኩ፣ ለብክነት። የወጡት ቁራጮች ጠርዛቸው ስል ነው፣ የመሮው ምት ሳይቀር ይታያል። ሁለቱ ላይ የአየር ቀዳዳ አገኘሁ፣ ያለ ጭቅጭቅ ቀየሩልኝ። ስምንት የሰጠሁት ለምን ነው ካላችሁ፣ ስላላደረቁት ነው። ያዘዝኩት በነሐሴ ነው፣ ይሄ የእኔም ጥፋት ነው። የጎንደር ክረምት ልብስ አያደርቅም እንኳን ጂብሰም። እላይ በላይ ደርድረውት ከሥር ያሉት ሁለት ቁራጮች ሻገቱ። ለመስቀል ያሉት ለጥቅምት ሆነ፣ የጥቅምቱ ለኅዳር። ስደውል ወጣቱ «ነገ እማማን መጥቼ አያቸዋለሁ» ይለኛል። እናቴን ለማየት አይደለም የቀጠርኩህ!

ከዚያ ገጣሚዎቹ መጡ። ጎንደር ውስጥ ገጣሚ ሲባል ሰው ቅኔ ነው የሚያስበው፣ እነዚህ ግን ቤት አይመቱም፣ ቤት ነው የሚመቱት። ሽማግሌው አልመጡም፣ ወገባቸውን ይዟቸዋል። የመጡት ሁለት ልጆች ናቸው፣ ሶፋውን ሳይሸፍኑ ጂብሰም መቁረጥ ጀመሩ፣ ነጭ አቧራው እስከ ጓዳ ገባ፣ እማዬ በርበሬ ያሰጣችበት ስፌት ላይ ሳይቀር። የማዕዘኑን ቁራጭ እንደ መጽሐፉ በ45 ዲግሪ ቆረጡ። የእኛ ግድግዳ ግን መጽሐፍ አላነበበም። አባዬ በዓይን ለክቶ ያሠራው የጭቃ ቤት ነው፣ አንዱ ማዕዘን ከ90 ይበልጣል፣ አንዱ ያንሳል። መጀመሪያ ማዕዘኑን ለክቶ ግማሹን መቁረጥ ነበር፣ እነሱ ግን ቆርጠው ሰቀሉ፣ የተረፈውን ክፍተት በጂብሰም ሞሉት። አራቱም ማዕዘን ላይ ሐረጉ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

የባሰው የመጣው ለገና ሰሞን ነው። ነጩ ሐረግ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ አለ። መጀመሪያ ቆርቆሮው አፈሰሰ ብዬ ነበር፣ የልጅነቴ ሱዳን ተመልሳ መጣች። ቆርቆሮው ደህና ነው። ለካ ብሎን አልቆባቸው በተራ ሚስማር ነው የመቱት። እርጥብ ጂብሰም ውስጥ የገባ ተራ ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱም ወደ ፊት እየወጣ ይታያል። ዚንክ የተነከረ ብሎን ነበር የሚያስፈልገው፣ በኮርኒሱ ሞራሌ ላይ ተይዞ፣ ከጀርባም በኮላ። ደወልኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ ግን መጡ፣ ይሄን ልመስክር። ሚስማሩን ነቅለው በብሎን ለወጡ፣ ቀዳዳውን ሞሉ፣ እድፉ ላይ ጎማላካ ቀቡ፣ ምክንያቱም የውሃ ቀለም ብቻ ከተቀባ እድፉ ሰርጎ ይወጣል። ተጨማሪ ብር አልጠየቁም። ለጥምቀት በሦስት ቀን ቀድሞ ደረሰ። ከከተራ ጀምሮ ሳሎኑ ውስጥ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፣ እንግዶቹም አንገታቸውን ሰብረው ነበር የሚጠጡት።

ስለ ቀለም አንድ ነገር። ቀለም ቀቢያችን ሮለር ይዞ መጥቶ ሦስት እጅ ልምታው አለ። ከለከልኩት፣ ተኮራረፍን። ወፍራም ቀለም የመሮውን ሥራ ሁሉ ይቀብረዋል። ቀጠን አድርጎ ሁለቴ፣ በብሩሽ። እማዬ ወርቅማ ይሁን ብላ ነበር፣ ተደራደርንና ግንዱ ብቻ ሆነ፣ ያውም ወደ እሷ ወንበር ባለው በኩል። አሁን ደግሞ የእጣኑ ጢስ ጎድጓዳው ውስጥ እየተቀመጠ ሐረጉን አጉልቶታል። ማጽዳት ካስፈለገ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ አይነካም። ጂብሰም ውሃ ይፈራል፣ በዚሁ ምክንያት ለበረንዳም ለመታጠቢያ ቤትም አትዘዙት።

ሞልዱ «በክብር ይቀመጣል» የተባልኩት ትዝ ይላችኋል? መጋቢት ላይ እማዬን ሐኪም አሳይቼ ስንመለስ ቡና እንጠጣ ብለን አንድ አዲስ ካፌ ገባን። ቀና አልኩ። ሐረጌ! ወፈር ያለችው ቅጠል ሳትቀር፣ የምታውቀኝ ይመስል ቁልቁል ታየኛለች። ደሜ ፈላ፣ ስልኬን አወጣሁ ልደውል። ከዚያ ደግሞ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ። ከአበባዋ ይሻላል። እማዬ ማኪያቶዋን እያማሰለች ዙሪያውን አየችና «የእኛ ይበልጣል» አለች። ወርቁን ማለቷ ነው።

እኔ ግን ያየሁት ማዕዘኖቹን ነው። አራቱም ላይ ሐረጉ ሳይበጠስ ይታጠፋል፣ የቁራጮቹ መገጣጠሚያ ፈልጌም አላገኘሁት። አስተናጋጇን ማን እንደሰቀለው ጠየቅኳት፣ ባለቤቱን ጠራችልኝ። ከወርክሾፑ ዕቃውን ብቻ ነው የገዛው፣ የገጠመለት ሌላ ሰው ነው፣ ቀበሌ 18 የሚኖር። ስልኩን ወስጃለሁ። የእኛን ማዕዘኖች ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ሊያያቸው ነው።